እትዬ ትንፋሽ እና ሳትባል የቀረችው አንዲት ቃል

በ1948 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ያለ ፋታ ዘነበ። ወንዙ ድልድዩን ወሰደ። ጡቡ አልደርቅ ስላለ የጡብ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሠራተኞቹ ያለ ደመወዝ ወደየቤታቸው ሄዱ። ከፋብሪካው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ይኖሩ ነበር። አራቱን ሳል ያዛቸው። ሁለቱ አልተነሡም፤ አንዷ አያት ነበሩ፣ ሌላው የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈስ ስለነበር አልጋው በቀን ሁለት ጊዜ ቦታ ይለዋወጥ ነበር።

ዛሬ የምንሸኛቸው እናት፣ እህት፣ አያትና የሥራ ባልደረባ የተወለዱት በዚያች ቤት፣ በዚያው ክረምት ማብቂያ፣ ነሐሴ 27 ቀን ነው። አባታቸው በጡብ ፋብሪካው የምድጃ ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን “እኔ ስወለድ ዝናቡ አባራ” ይሉ ነበር። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ታላቅ ወንድማቸው ግን ዝናቡ ያባራው ከአራት ቀን በኋላ መሆኑን ያስታውሳል። ይህ ክርክር አልተፈታም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪካቸው በአብዛኛው የደስታ ነው።

በሰባት ዓመታቸው ከፋብሪካው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርት ይገባቸው ነበር፤ ዝም ማለት ግን አይሆንላቸውም ነበር። አስተማሪያቸው ወሬ እንዲቀንሱ ብለው በሁለት ዝምተኛ ልጆች መካከል አስቀመጧቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱ ልጆች አውሪ ሆነው ወጡ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። የእናታቸው ዓይን መርፌ ማየት ሲያቅተው ትምህርቱን ትተው ሥራ ፈለጉ።

በ1966 ዓ.ም. በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። አንድ አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እርሳቸው ሲያጥፉ ግን አምስት ሰው ሥራ አቁሞ ያዳምጥ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሁለት ዓመት ታገሡና “ይህችን ልጅ ሰው የሌለበት ክፍል ስጧት” ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ሰው የሌለበት ክፍል የራጅ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ነበር።

ክፍሉ ርዝመቱ አራት እርምጃ፣ ስፋቱ ሦስት ነው። በአንድ ግድግዳ ሦስት ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው ምስሉን የሚያወጣ ኬሚካል፣ ሁለተኛው ምስሉን የሚያጸና፣ ሦስተኛው ውኃ ነው። መብራቱ አንዲት ቀይ አምፖል ናት። ፊልም ገንዳ ውስጥ እያለ በሩ ከተከፈተ ፊልሙ ይቃጠላል፤ ታካሚውም እንደገና መነሣት አለበት። እርሳቸው በዚያ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ቆሙ። ፊልሙን ከውኃው አውጥተው ወደ አምፖሏ ከፍ ሲያደርጉት ስብራቱን ከሐኪሙ ቀድመው ያዩት ነበር። የሐኪሙን ሥራ ላለመንካት ግን አይናገሩም። ከወሬኛነታቸው ጋር ይህን ያህል ምስጢር መጠበቃቸው ቤተሰቡን ሁሉ ያስገርም ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚያው በር ላይ ነው። የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሾፌር ነበሩ። ሌላው ሰው ፊልሙ ሲዘገይበት በሩን ይደበድባል፤ ሾፌሩ ግን አንዴ አንኳኩተው “ቆይ” ሲባሉ ይቆያሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለቱ መካከል ብዙ የተባለው ቃል “ቆይ” ነበር። አንድ ቀን ሾፌሩ ምንም ፊልም ሳይጠብቁ መጥተው አንኳኩ።

“ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር አለ።”

“ቆይ፣ ገንዳ ውስጥ አለብኝ።”

ሾፌሩ ስድስት ደቂቃ ቆሙ። በሩ ተከፈተ፤ እርሳቸው ውኃው የሚንጠባጠብ የአንድ ሰው ጉልበት ይዘው ወጡ።

“አሁን ጠይቅ” አሉ።

በ1971 ዓ.ም. ተጋቡ። ሴት ልጃቸው በ1973፣ ወንድ ልጃቸው በ1976 ተወለዱ። ልጆቹ እያደጉ ሳለ የቀራቸውን ሁለት ክፍል በማታ ትምህርት ጨርሰው በ1984 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለፉ።

በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ሆስፒታሉ ፊልም ራሱ የሚያጥብ ማሽን ሊገዛ መሆኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ማሽኑ ሲገባ ጨለማ ክፍሉ ይዘጋል፤ አጣቢዋም ወደ ልብስ ማጠቢያ ይመለሳሉ። በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከዚያው ወረቀት ጎን፣ የከተማው የጤና ኮሌጅ በራዲዮግራፊ፣ በራጅ ማንሣት ሙያ፣ በዲግሪ የሚያስተምራቸውን ሃያ አራት ሰዎች እንደሚቀበል የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አነበቧቸው። ማታ ለባለቤታቸው እንዲህ አሉ፤ “ወይ ራጅ አነሣለሁ፣ ወይ አንሶላ አጥፋለሁ። አንሶላውን አይቼዋለሁ።”

በዚያ ዓመት የጽሑፍ ፈተናውን በሁለት ነጥብ ወደቁ። የጣላቸው አንድ ጥያቄ ነው። የጨረሩ ምንጭ ከፊልሙ ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ጨረር ምን ያህል ይሆናል ይላል። እርሳቸው ግማሽ ብለው ጻፉ። ውጤቱን ካዩ በኋላ መልሱ ሩብ መሆኑ ተነገራቸው፤ ለምን ሩብ እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም።

ታላቅ ወንድማቸው አናጺ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማረው። ጥያቄውን ሰምቶ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ሥራ ቤቱ ጠራቸው። መስኮቱን በማቅ ሸፍኖ፣ በአንድ ጣውላ ላይ ስንዝር በስንዝር የሆነ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ከቀዳዳው ኋላ አምፖል አንጠልጥሎ ጠበቃቸው። ሌላ ጣውላ ላይ በእርሳስ ስንዝር በስንዝር የሆኑ ካሬዎች አሥምሮ ነበር። ጣውላውን ከቀዳዳው ጋር አስጠግቶ አቆመው፤ ብርሃኑ አንድ ካሬ ሞላ። ከአምፖሉ ያለውን ርቀት እጥፍ አደረገው፤ ብርሃኑ አራት ካሬ ሞላ።

“ያው አንድ አምፖል ነው” አለ። “አንዱን ለአራት አካፈልሽው።”

እርሳቸው ጣውላውን ብዙ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ወሰዱት። ከዚያ በጣውላ ክምር ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

“ለዚህ ነው አንድ ዓመት የፈጀሁት?”

“መጥተሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ አይፈጅብሽም ነበር።”

በዓመቱ፣ በ1986 ዓ.ም.፣ የጽሑፍ ፈተናውን አለፉ። የቀረው የተግባር ፈተና ነው። ተፈታኝ ሁሉ አንድ ጤነኛ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ጨረር በማይወጣበት በጠፋ ማሽን ፊት ሰውየውን ለራጅ አዘጋጅቶ ያሳያል። ለዚህ ሲሉ ሦስት ወር ሙሉ ቤተሰቡን በመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ወንድማቸው በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሴንቲሜትር አሥምሮላቸዋል፤ “ቀኝ” እና “ግራ” የሚል ምልክትም ከእንጨት ቀርጾ ሰጥቷቸዋል። ልጆቹ ራት ከመብላታቸው በፊት እግራቸውን ያስነሣሉ። ባለቤታቸው ለፈተናው የተመረጡት ሰው ነበሩ። አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ጠረጴዛው ላይ በተጋደሙ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያንኮራፋሉ። የፈተናው ዕጣ የደረት ራጅ ሆኖ ሲወጣ ቤተሰቡ ተደሰተ፤ ደረት ቆሞ ነው የሚነሣው።

በፈተናው ጠዋት ከከተማ ውጭ አውቶቡስ ተገልብጦ አምቡላንሱ ተጠራ። ባለቤታቸው ሄዱ። ፈተናው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው እርሳቸው ወደ አናጺው ሥራ ቤት ሮጡ።

“ጋሼ፣ ልብስህን ቀይር።”

“ምን ልሆን?”

“ሰው ሆነህ ልትቆምልኝ።”

“እስከ ዛሬ ምን ሆኜ ነበር የቆምኩት?”

መጋዙን አስቀምጦ ተከተላቸው። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ነበር፤ መንገድ ላይ አራገፉለት። እያራገፉለትም መመሪያ ሰጡት። “እኔ የምልህን ብቻ ታደርጋለህ። ከራስህ ምንም አትጨምር።” እሺ አለ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ፈታኝ፣ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ መምህርና አንዲት ሴት ፈታኝ። በእጃቸው ሃያ ነጥብ ያለው ቅጽ ይዘዋል። እርሳቸው ወንድማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው “እርስዎ” አሉት። ደረቱን ፊልሙ ከሚሰካበት ሰሌዳ ጋር አስጠጉ። አገጩን ቀና አደረጉ። እጆቹን ወገቡ ላይ አስቀምጠው ትከሻውን ወደፊት ገፋ አደረጉ። “ቀኝ” የሚለውን ምልክት በቀኝ አኖሩ። ሄደው ከጨረር መከለያው ኋላ ቆሙ።

“አየር በደንብ ይሳቡ” አሉ። “ይያዙ።”

በዚህች ቅጽበት ዋናው ፈታኝ ጠየቋቸው። “ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?”

መልሱን ያውቁት ነበር። መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቁ፣ ለሐኪሙ ምን እንደሚናገሩ፣ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ የት እንደሚያስሩ ተናገሩ። አሥራ ስምንት ዓመት በጨለማ ክፍል ዝም ያሉት ሁሉ በዚያ ቀን የወጣ ይመስል ነበር። ሽማግሌው መምህር ደስ ብሏቸው ሌላ ጥያቄ ጨመሩ። “ሰውየው መቆም ባይችልስ?” ይህንንም መለሱ፤ ምሳሌም አከሉበት።

አናጺው ሰሌዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ያዝ ተብሏል፤ ልቀቅ አልተባለም። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ከዚያ አንገቱ። ሴቲቱ ፈታኝ ቅጹን አስቀምጠው “ይህ ሰው ደህና ነው?” ባሉ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

“ጋሼ! ለምን አልተነፈስክም?”

እዚያው እንደተቀመጠ መለሰ። “ከራስህ ምንም አትጨምር ብለሻል።”

በመጀመሪያ የሳቁት ሴቲቱ ናቸው። ቀጥሎ ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዋናው ፈታኝ አልሳቁም፤ ውኃ አስመጡለት። ከዚያ ቅጹ ላይ እየጻፉ “ታካሚን ማሳመን፣ ሙሉ ነጥብ” አሉ። “ታካሚን ማስተንፈስ፣ ባዶ።”

ወደ ቤት ሲመለሱ እርሳቸው አለቀሱ። የወደቁ መስሏቸው ነበር። ሌላ ፈተና የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ማሽኑ ይገባል። ወንድማቸው ጎን ለጎን እየሄደ፣ ሰው የማጽናናት ልማድ የሌለው ሰው ነውና፣ “አንዲት ቃል አለብሽ” አላቸው። “ሳትከፍዪኝ አትሞቺም።”

ስም ዝርዝሩ በሦስተኛው ሳምንት በኮሌጁ በር ላይ ተለጠፈ። ባለቤታቸው አምቡላንሱን ከበሩ አጠገብ አቆሙ። እርሳቸው ከመኪናው መውረድ አልቻሉም። ወንድማቸው ወረደና ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ፤ ከላይ መጀመር አጉል ተስፋ መስሎታል። ከታች ሁለተኛው፣ ሃያ ሦስተኛው፣ የእርሳቸው ስም ነበር። ስለዚህ ብዙ አላነበበም። ዞር ብሎ እጁን አነሣ። ሾፌሩም በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ያለ በሽተኛ ሳይረኑን ነፉት። ዘበኛው በሩን ከፈቱላቸው፤ ማን እንደታመመም ጠየቁ። ማንም አልታመመም ነበር።

አራቱን ዓመት ከልጆቻቸው ትንሽ ከፍ ከሚሉ ወጣቶች ጋር ተማሩ። ወጣቶቹ መጀመሪያ “እማማ” ይሏቸው ነበር። በሁለተኛው ወር መምህሩ ጨለማ ክፍል አስገብተው መብራቱን ሲያጠፉ ሁሉም እርስ በርስ ተጋጨ፤ እርሳቸው ብቻ በዚያ ጨለማ ውስጥ እየተዘዋወሩ እያንዳንዱን እጁን ይዘው ወደየገንዳው አደረሱት። ከዚያ በኋላ “መምህር” ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. በአርባ ሁለት ዓመታቸው ተመረቁ። ወንድማቸው ለምርቃታቸው ከጠንካራ እንጨት ሰሌዳ ሠርቶ “ተንፍሱ ብለሻል?” የሚል ቀርጾበት ሰጣቸው። ራጅ አንሺ ሆነው ወደ ሆስፒታሉ ሲመለሱ ከራጅ ማሽኑ መቆጣጠሪያ በላይ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ዳግመኛ አልረሱም። እንዲያውም አበዙት። ደረቱን ለሚነሣውም፣ የእግሩን ትንሽ ጣት ለሚነሣውም “ይተንፍሱ” ይሉ ነበር። ጣቱን የተነሣው ሰው ትንፋሹን መያዝ ነበረብኝ እንዴ ብሎ ይደነግጣል። “እትዬ ትንፋሽ” የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው፤ ከጊዜ በኋላ በስማቸው የሚጠራቸው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ቀረ። ለተግባር ልምምድ የሚላኩላቸውን ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን አሰልፈው “አየር ሳቡ፤ ያዙ” ይሉና ጠመኔ ፍለጋ ይወጣሉ። ሲመለሱ ቀድሞ የተነፈሰውን “አንተ ጤነኛ ነህ” ይሉታል። መጨረሻ ላይ የተነፈሰውን “አንተ ወንድሜን ትመስላለህ” ይሉታል።

ለወንድማቸው ያለባቸው ቃል ግን አልተከፈለም ነበር። አልሞከሩም ማለት አይደለም። ሾርባ እየቀዱለት “ይተንፍሱ” ይሉታል። በልጃቸው ሠርግ ላይ ከጀርባው መጥተው “ይተንፍሱ” አሉት። እርሱ ግን አንድ መልስ ነበረው። “አይቆጠርም። ትንፋሽ ሳልይዝ ነው የከፈልሽኝ።” ከዚያ ወዲህ በእርሳቸው ፊት ትንፋሹን ላለመያዝ ይጠነቀቅ ነበር፤ ዕዳው ቢያልቅ ቤቱ በምን እንደሚስቅ አያውቅምና።

በ2008 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ጡረታ ከወጡም በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታሉ እየሄዱ፣ ወረፋ ለሚጠብቁ ሰዎች የራጅ ክፍል የሚያስፈራ ነገር እንደሌለው ይነግሩ ነበር። ወረፋው በዚህ ምክንያት አላጠረም፤ የሚያማርር ግን አልነበረም።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ሳል ያዛቸው። ደረታቸውን ያነሣቻቸው የገዛ ተማሪያቸው ነበረች። ልጅቱ ምስሉን አይታ ፊቷን ስታዞር፣ ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። “አቋቋሙ ትክክል ነው” አሏት። “ምልክቱ በቦታው ነው። ትንፋሹም ሙሉ ነው። ያንቺ ሥራ እንከን የለውም፤ ሳንባው የእኔ ነው።” ይህን ብለው የልጅቱን እጅ ያዙ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ በሠሩበትና ባስተማሩበት ሆስፒታል ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው አሉ። ያስተማሯቸው የራጅ ባለሙያዎችም አሉ፤ ቁጥራቸውን ማንም አልያዘም፤ ዛሬ ከኋላ የቆሙት እነርሱ ናቸው። ለተሸከማችኋቸውና ለጠየቃችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። የሰውን ውስጥ አይተው ክፉ ያላወሩትን እኚህን ሴት አምላክ በብርሃኑ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን እፎይ ያሰኝልን።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት የሆነው ሊነገር ይገባል።

ጠዋት ነበር። መጋረጃው ተከፍቶ ፀሐይ አልጋው ላይ ወጥታለች። ወንድማቸው እንደየቀኑ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሕመማቸው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ አላለቀሰም፤ ስለ ሕመሙም አንድ ቃል አልተናገረም። የቤት ጥገናና የአየር ነገር ያወራላቸው ነበር። በዚያ ጠዋት የሚያወራውም አልቆበታል። እርሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ነርሷ አትንኩት ያለቻቸውን የኦክስጅን መተንፈሻ ከአፋቸው ላይ ከፍ አደረጉት።

“ጋሼ።”

“አቤት።”

“ይዘሃል።”

“ምን ያዝኩ?”

“እኔን ነው የምታታልለው? ስንቱን ሰው እያስያዝኩ ኖሬ። ትከሻህን እያየሁት ነው። ይዘሃል።”

ወንድማቸው ባርኔጣውን አዞረው።

እርሳቸውም በዚያ በፈተናው ቀን ከመከለያው ኋላ እንደነበረው ድምፃቸውን አስተካከሉ። አንተ አላሉትም።

“ይተንፍሱ” አሉ።

ወንድማቸው ተነፈሰ። ከመተላለፊያው ማዶ የነበረችው ነርስ ሰምታ መጣች። እንደዚያ ሲያለቅስ ያየው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሲጨርስ ፊቱን በባርኔጣው ጠረገና ቀና አለ። እርሳቸው መተንፈሻውን ወደ ቦታው እየመለሱ በዓይናቸው ይጠይቁት ነበር።

“ይሄኛው ይቆጠራል” አላቸው።